የተዘጋው እንዝርት

የወለተ ኢየሱስ እጅ ሲፈትል ልቧ ሌላ አገር ይሄድ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከበግ ጠጉሩ ላይ ክሩ እየተሳበ ሲቀጥን፣ እንዝርቱ በጎኗ ሲሾር፣ ዓይኗ እንደ ተከፈተ ሕልም ታያለች። አንዳንዴ የሞተው ባሏ ከማዶ ሆኖ በቅሎውን ሲጭን ይታያታል። አንዳንዴ ደግሞ ከመንደሩ በላይ ባለው የሣር አምባ፣ በጓሳ ላይ የተኛው ጉም ሁሉ ጠጉር ይሆንና እሷ ከአፋፉ ተቀምጣ ትፈትለዋለች። ክሩ ገደሉን ይዞ እስከ መርሐቤቴ ቆላ ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ሰዎች ጫፉን ይዘው «ማን ነሽ?» ይሏታል። ልትመልስ ስትል ውሻ ይጮሃል ወይም ሰው ይጠራታል። ባንና እንዝርቷን ስታይ ሞልቷል።

የመንዝ ሴት ቁጭ ብላ ብቻ አትፈትልም። ወንዝ ስትወርድ ትፈትላለች፤ ገበያ ስትሄድ ትፈትላለች፤ ልጅ አዝላም ትፈትላለች። እግሯ መንገዱን፣ እጇ እንዝርቱን በየፊናቸው ያውቃሉ። አገሩ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ብርዱ ባና የሚሉትን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይፈልጋል፣ ባናው ክር ይፈልጋል፣ ክሩ የሴት ጣት ይፈልጋል። ወለተ ኢየሱስም እናቷ እንዳደረገችው እንዝርቷን ከመቀነቷ ሳትለይ አርጅታ ነበር፤ ባታረጅም ያረጀች ያህል ይሰማት ነበር።

ባናውን የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። ከጓሳ ግርጌ ባለችው መንደራቸው የባና ሠሪዎች ማኅበር የሚባል አለ። ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ ረዥም ቤት ነው። ሸማኔዎቹ እዚያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ የፈተሉትን ይዘው ይመጡና በመስኮት ያስረክባሉ። ለምን በመስኮት እንደሆነ የሚያውቁ ጥቂት ናቸው። ቤቱ ሲሠራ ወለሉ ገና እርጥብ ስለነበር «እንዳትረግጡብን፣ በመስኮት አቀብሉን» ተባለ። ወለሉ ደረቀ፤ ተሰነጠቀም፤ መስኮቱ ግን ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

የወለተ ኢየሱስ ልጅ ትርሲት፣ ገና ጥርሷ እየወለቀ ሳለ፣ አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር ቆማ በበሩ ለምን እንደማይገቡ ጠየቀች። እናቷ ቆነጠጠቻት። ከውስጥ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዓምደ ሚካኤል ሰምተው ሳቁ፤ ይህች ልጅ ዳኛ ትሆናለች አሉ። እሳቸው የትርሲት የክርስትና አባት ናቸው። የተናገሩትም በፍቅር ነበር። ወለተ ኢየሱስን ግን ያን ቀን ፍርሃት ያዛት፤ ከያዛትም አልለቀቃትም።

ትርሲት ዳኛ አልሆነችም። ትምህርቷን ጨርሳ ከተማ ወረደችና ልብስ ከሚሰፋ ፋብሪካ ገባች። ከዚያ የምትደውለው እሑድ እሑድ ነበር። እናቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትሰማለች። ልጅቷ ስለ ምግብ ስትጠየቅ ስለ ሴቶች ትመልሳለች። ቀኑን ሙሉ ቆመው ስለሚውሉት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ስለሚለምኑት፣ እርጉዝ መሆኗ እንዳይታወቅባት ሆዷን በነጠላ ጠፍራ ስለምትሠራው መሲ ስለምትባል ጓደኛዋ ታወራለች። እርጉዝ የሆነች ትሰናበታለችና። ትርሲት ሴቶቹን በኪራይ ቤቷ ሰበሰበቻቸው። ቀጥሎ በሌላዋ ቤት፣ ቀጥሎም በአውቶቡሱ ውስጥ። አንድ ጠዋት ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆሙ።

«እማዬ፣ ዝምታው እንዴት ደስ እንደሚል ብትሰሚው» አለቻት በስልክ።

ወለተ ኢየሱስ የሰማችው ልጇ እንጀራዋን እንዳጣች ብቻ ነው።

ደግሞም አጣች። ፎቶዋን በጥበቃው ቤት ለጠፉት፤ ወደ በሩ ብትጠጋ እንዲመልሷት። መሲ ግን ወልዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ያ በዚያ ፋብሪካ የመጀመሪያው ነበር። ትርሲት ሌላ ፋብሪካ ገባች፤ እዚያም እንዲሁ ሆነ። ጥቂት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ አደረች። ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ከአይሱዙ ላይ ወርዳ ወደ እናቷ ደጅ መጣች።

ወለተ ኢየሱስ እግሯን አጠበችላት። ስታጥባት ቁርጭምጭሚቷ እንደ አሮጊት ቁርጭምጭሚት አብጦ አየች። በልቧም ተሳለች፦ ይህችን ልጅ ከዚህ ቤት አላወጣም፤ ባል ይገኝላታል፣ በግ ትጠብቃለች፣ አጠገቤ ትሆናለች፤ ከእንግዲህ ማንም ስሟን ከፖሊስ መዝገብ አይጽፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጸልየው ለዚህ ብቻ ነበር።

ትርሲት እቤት ቁጭ ያለችው ለትንሽ ጊዜ ነው። መስከረም አልቆ ዝናቡ ሲያባራ እናቷን ተከትላ ክር ለማስረከብ ሄደች። ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሴቶቹ ከውጭ በውርጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ከውስጥ የሚመከረው ሴቶቹ ክሩን ምን ያህል ማክረር እንዳለባቸው ነበር። አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚስማማ እጁን ያንሳ አሉ። ያኔ ትርሲት ክንዷን በመስኮቱ አስገብታ ከፍ አድርጋ አነሳች።

ሸማኔዎቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወለተ ኢየሱስ የልጇን ቀሚስ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተች፤ ክንዱ አልተመለሰም።

«ያ የማን እጅ ነው?» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

«የፈታዮች ነው፣ አባባ።»

«ፈታይ አባል አይደለም።»

«እሱን ልጠይቅ ነው ያነሳሁት።»

ሸማኔዎቹ ሳቁ፤ እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮቱን በቀስታ ገፋው። ትርሲት እጇን ባታወጣ ኖሮ ይቆነጥጣት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወለተ ኢየሱስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ትፈትል ነበር። የሰው መሳቂያ እንዳደረገቻት፣ እሳቸው የክርስትና አባቷ እንደሆኑ፣ የሞተ አባቷን አጥንት እንደወጋች ነገረቻት። በመጨረሻም ንዴቷን የሚያበርድ ቃል አጥታ፣ «ምን አለ እንደ ጓሳ ተዘግተሽ ብትቀመጪልኝ» አለቻት።

ትርሲት ቆመች።

«ጓሳ ሲዘጋ እንዴት ነው የሚዘጋው?» አለች።

እናቷ የዋህ ናት፤ መለሰችላት። ሣሩ ሲሳሳ ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ። ጓሳ ተዘግቷል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጣሪያው ቢያፈስም የክዳን ሣር የሚያጭድ የለም፤ በጉ ቢከሳም ወደዚያ የሚነዳ የለም። ጠባቂ ይሾማል። ሣሩ እስኪበቃ ድረስ ማንም ይሁን ማን አይነካውም፤ የሚከፍቱትም የዘጉት ናቸው። ይህን ስታወራ ልጇ ፊቷን እንዳዞረች፣ ጉሙ ውስጥ የሆነ ሰው የቆመ ይመስል ወደዚያ እንደምታይ አስተዋለች። ምን እንደነገረቻት የገባት ግን ኋላ ነው።

በማርያም ማኅበር ዕለት፣ ጠላው ተጠጥቶ ሴቶቹ ሊበተኑ ሲሉ፣ ትርሲት እንዝርቱን እንዝጋው አለቻቸው። ሌላ ብዙ አልተናገረችም። የማኅበሩ አባል እስክንሆን፣ በበሩ ገብተን እጃችን እስኪቆጠር፣ አንዲት ክር አይፈተል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስለ መብት ብትነግራቸው እሺ ብለው ወደየቤታቸው በሄዱ ነበር። መዝጋትን ግን ያውቁታል፤ አባቶቻቸው የሚያደርጉት ነው። ሴት ዘግታ አታውቅም እንጂ።

ጠባቂ ማን ትሁን ሲባል ብዙ ስም ተጠራ። ወሰኔ የምትባል፣ ምላሷ እንደ ሳማ የሚለበልብ ጎረቤታቸው፣ ሁሉንም ጣለችው።

«ደፋር ሰው አትሹሙ፤ ደፋር ራሱ ይደፍረዋል» አለች። «ፈሪ ነው የሚጠብቅ። ከወለተ ኢየሱስ የበለጠ ፈሪ በዚህ አገር ካለ አሳዩኝ። የገዛ ጥላዋን እንኳ እጅ ነሥታ ነው የምታልፈው።»

ሳቁ። ወለተ ኢየሱስም አፍራ ሳቀች፤ ሲስቁ መስማማት መሰለና ተሾመች። ሕጉንም ያን ጊዜ አወጡት። የሚከፍቱት አንድ ላይ ነው። ጠባቂዋ ራሷ ከፈተለች ግን ያን ዕለት እንደተከፈተ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች እንግዳ ነበሩ። ወለተ ኢየሱስ ሕልሟ ተቋረጠ። እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋድሞ ይውላል፤ ዓይኗ መሄጃ አጥቶ እቤቷ ውስጥ ይቀራል። የምሰሶውን መሰንጠቅ አየች። የልጇን አንገት አየች፤ እንዴት ቀጭን እንደሆነ። ከፊት ለፊት ያለው ተራራ ላይ ጅብራ የሚባሉት ረዣዥም ተክሎች በተርታ ቆመው ዕድሜዋን ሙሉ ይጠብቋት እንደነበር የተረዳች መሰላት። አገሩ ራሱ ሕልም ሆነ፤ እሷ ደግሞ ነቅታ በውስጡ ትሄዳለች።

ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ባለው መስክ ፀሐይ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው። አንዳንዶቹ ሣር ይነጫሉ። ትርሲት በመካከላቸው ትቀመጣለች። በመሬት ደብተሩ ላይ ፎቷቸው ከባላቸው ጎን የተለጠፈው ለጌጥ እንዳልሆነ ትነግራቸዋለች። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር በሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ የተደበደበች ሴት ማን ጋ እንደምትሄድ። ከዚያ ይልቅ ግን ትሰማለች። አንዷ ስታወራ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ ወዲያው ደግሞ ወሰኔ አንድ ነገር ትልና ሁሉም ይስቃሉ። በየቤቱ ባሎች ተቸገሩ። አንዱ ሸማኔ፣ ሚስቴ ድሮ ስትፈትል ቀና አትልም ነበር፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ታየኛለች ብሎ እንዳማረረ በመንደሩ ተወራ።

አንድ ከሰዓት ትርሲት በሌለችበት አቶ ዓምደ ሚካኤል መጡ። ከመደቡ ተቀመጡ፤ ጠላ ቀዳችላቸው። የሽመና ዕቃው ራቁቱን መቅረቱን፣ ባና ያዘዘው ነጋዴ በየቀኑ እንደሚደውል በዝቅታ አወሩ። በቁጣ አልመጡም፤ የደከመ ሰው ይመስሉ ነበር።

«አበልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከወረዳ ጠርተውኛል። ሕዝብ የሚያሳድመው ማነው ብለው ይጠይቁኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስሟን እኔ ፈልጌ አልጠራም፤ ግን ሲጠይቁኝ ዋሽቼ አላውቅም። አንቺ ከቅዳሜ በፊት ብትከፍቺው የሚጠየቅ ነገር አይኖርም።»

ወለተ ኢየሱስ ጋኑን ተደግፋ ቆመች። ጠላ ጨመረችላቸው። ሲሄዱ እስከ ደጅ ሸኘቻቸው፤ ትርሲት ስትመጣም ማን ነበር ብትላት፣ ማንም አለች።

በማግሥቱ ከማዶ መንደር ለቅሶ ነበር። ትርሲት ወደ መስኩ ስትሄድ ወለተ ኢየሱስ ብቻዋን ወደ ለቅሶው ወጣች። ጉሙ ከጓሳ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። ሦስት እርምጃ ፊት ያለው አይታይም። ከየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ሳይታወቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ያወራሉ፤ ድምፃቸው ቤተ ዘመድ የሚማከር ይመስላል። እሷ ቅዳሜን ታስባለች። ቅዳሜን እያሰበች ሄደች፣ ሄደች፤ ከዚያ ማሰቡ ቀረና ማየት ጀመረች።

ትርሲትን አየቻት። ትንሽ ናት፤ ጥርሷ የወለቀ። ከፊት ከፊቷ ትሄዳለች፤ ጉሙን እንደ ቀሚስ ለብሳዋለች። በአምባው ላይ ቤት የሌላቸው በሮች ቆመዋል፤ ልጅቷ አንዱን ትከፍታለች፣ ገብታ ትወጣለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ከየበሩ ኋላ ሴቶች አሉ፤ መጣሽ ወይ ይሏታል። ወለተ ኢየሱስ ተመለሺ ልትላት ትፈልጋለች፤ ድምፅ የላትም። ግን በልጅቷ ቁርጭምጭሚት ላይ ክር ታስሯል፤ የክሩ ሌላው ጫፍ እሷ እጅ ነው። ክሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ልጅቷ አትጠፋም። ልጅቷ በራቀች ቁጥር ክሩ ማነስ የለበትም። ስለዚህ ትጨምርላታለች፣ ትጨምርላታለች።

የለቅሶ ቤቱ ውሻ ጮኸ። ወለተ ኢየሱስ ነቃች።

እንዝርቱ ከእጇ ላይ ነበር፤ ሞልቷል። ከመቀነቷ መቼ እንደመዘዘችው፣ ጠጉሩን ከብብቷ መቼ እንዳወጣችው አታውቅም። እንዝርቱን ትተሽ ውጪ ያላት ሰው አልነበረም፤ እሱ ከመቀነቷ ተለይቶ አያውቅምና።

ክሩን ከእንዝርቱ አውልቃ ደረቷ ውስጥ ከታ ለቅሶው ገባች። ከሟቹ ልጆች ይልቅ አለቀሰች። ሰው ሁሉ፣ ለካ እንዲህ ይዋደዱ ኖሯል አለ።

ስትመለስ ጉሙ አልተገፈፈም። ያየ የለም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ደግሞ ሌላ ነገር ገባት። ይህ ክር እኮ መክፈቻ ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጋ ሄዳ ብታሳያቸው፣ በሕጉ መሠረት እንዝርቱ ተከፍቷል። አልዋሸችም፣ ማንንም አልካደችም፤ እጇ ነው ያደረገው። ቅዳሜ ስም አይጠራም። ልጇ እቤቷ ትቀራለች። የለመነችው ሁሉ ተሰጥቷት ደረቷ ውስጥ ይሞቃታል። ጠባቂ መልአኳ ራሱ በጉሙ መጥቶ የፈተለላት መሰላት።

ከመንገድ መገንጠያው ደረሰች። በግራ የአቶ ዓምደ ሚካኤል ቤት ነው፤ በቀኝ መስኩ። እግሯ ወደ ግራ ዞረ።

ያን ጊዜ ሴቶቹ ሲስቁ ሰማች። አይታዩም፤ ሳቃቸው ብቻ በጉሙ ውስጥ ይመጣል። የወሰኔን ለየችው፤ የሌሎቹን ግን የማን የማን እንደሆነ መለየት አቃታት። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ዕድሜዋን አብራ ወንዝ ወርዳለች፣ አብራ ገበያ ሄዳለች። ሳቃቸውን አታውቀውም። ሁልጊዜ አብራቸው ስትሄድ እሷ ሌላ አገር ነበረች፤ እነሱም እያንዳንዳቸው ሌላ አገር ነበሩ። ቆማ ሰማች። ብርዱ ጠናባት፤ አሁንም ቆማ ሰማች። ይህ ክር ለእሷ ቢሰጥም፣ የምትከፍለው ግን ያንን ሳቅ ነው። የሳቁ ባለቤት ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም።

ወደ ቀኝ ዞረች።

ከመካከላቸው ደርሳ ልቃቂቱን ከደረቷ አወጣችና ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። በመንገድ ላይ እንደሆነ፣ እንዳልታወቃት ነገረቻቸው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ያሏትንም፣ ቅዳሜንም፣ ወደ ግራ መዞሯንም ነገረቻቸው። ልጇን አላየችም፤ መሬቱን እያየች ነው የተናገረችው።

ወሰኔ ልቃቂቱን አንስታ ክሩን በጣቶቿ መካከል ሳበችው።

«ስትፈሪ እንዴት ያለ ቀጭን ትፈትያለሽ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ እንግዲህ ተከፈተ ማለት ነው ብላ አጉረመረመች። ሌላዋ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። ያኔ ወሰኔ ከመቀነቷ ሥር ትንሽ ክር አወጣች፤ የአውራ ጣት ታክላለች። ልታልብ ላሟ እስክትረጋጋ ስትጠብቅ ሳይታወቃት እንደፈተለቻት ተናገረች፤ ከዚያ ወዲህ ደብቃ ይዛት ትዞራለች። ከዚያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሌላዋ አወጡ። አንዲቱ ምንም የሚወጣ የላትም፤ ግን ባሏ በእንቅልፍሽ ጣትሽ ብርድ ልብሱን ይፈትላል እንዳላት አወራች። እያፈሩ ሳቁ።

«እንግዲያ እጃችን የኛ አይደለም ማለት ነው» አለች ወሰኔ፤ ስትለው ግን አልሳቀችም።

ሁሉም ወደ ትርሲት ዞሩ። ትርሲት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ፊቷ ነጥቷል። ስለ ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ነው የሰማችው።

«ጠባቂዋ እሷ ናት» አለች። «እማዬ፣ ምን እናድርግ?»

ወለተ ኢየሱስን እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እናድርግ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንዝርቷን ከመቀነቷ መዘዘች፤ ነጠላዋን ሣሩ ላይ ዘርግታ አኖረችበት።

«እንዝርታችሁን ስጡኝ» አለች።

አንድ በአንድ ሰጧት። የአንዳንዱ ዘንግ ከእጅ ብዛት ወዝቶ ያበራል። ወሰኔ መጨረሻ ሰጠች፤ የእናቷ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ወሰኔ ስታለቅስ ያየ ሰው አልነበረም፤ እንዝርቱ ከእጇ ሲወጣ ግን አዩ። ወለተ ኢየሱስ ሁሉንም በነጠላዋ ጠቅልላ ብቻዋን ወደ ማኅበሩ ቤት ሄደች። ትርሲት ልትከተላት ብትነሣ በእጇ ከለከለቻት።

በበሩ ገባች። ከደፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ ወለሉን ረገጠችው፤ ወለሉ ምንም አልሆነም። ሸማኔዎቹ ክር በሌለው ዕቃቸው ፊት ቁጭ ብለው ነበር። እንዝርቶቹን ከአቶ ዓምደ ሚካኤል እግር አጠገብ ዘረገፈቻቸው።

«አበልጄ፣ ቅዳሜ ስም ከጠየቁዎት የኔን ይንገሩ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይኸው እንዝርቱ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው። ልጄ እንዝርት የላትም፤ ፈትላም አታውቅ። የሌላትን በምን ትዘጋለች?»

አቶ ዓምደ ሚካኤል እንዝርቶቹን ለረዥም ጊዜ አዩ። የሚስታቸውም እዚያ ውስጥ ነበር፤ ቀይ ክር የታሰረበት።

«አንቺን ብላቸው ማን ያምነኛል?» አሉ።

«እኔም አላምንም ነበር» አለች።

አንዱ ሸማኔ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሳቸው አልሳቁም። በእግራቸው በርጩማ ወደ እሷ ገፋ አድርገው ተቀመጪ አሏት። ተቀመጠች፤ መንገድ ስለደከማት ነው እንጂ ሌላ ነገር አስባ አይደለም።

ቅዳሜ አቶ ዓምደ ሚካኤል ወረዳ አልሄዱም። ጉልበቴን አመመኝ አሉ። እውነት ይሁን ሰበብ ማንም አላወቀም፤ ወለተ ኢየሱስም አልጠየቀችም። ሸማኔዎቹ የፋብሪካ ክር አስመጥተው ሞከሩ፤ ባናው ላላ፣ ነጋዴው መለሰው። ተጣሉ፤ አንዱ ከሴት ጋር አልሰበሰብም ብሎ ማኅበሩን ለቀቀ። ገብሱ ሲታጨድ ግን ፈታዮች አባል ይሁኑ ተባለ። ሴቶቹ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የጠበቁትን ያህል ደስ አላላቸውም። ወሬው ረዥም ነበር፤ ግማሾቹ አንቀላፉ፤ ወሰኔ እጇን አንስታ መስኮቱ ብርድ ያስገባልና ይዘጋ አለች፤ በድምፅ ብልጫ አለፈላት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከግሼ፣ ከራቤል ወገን ካሉ ሴቶች መልእክት መጣ። እናንተ እንዴት እንዳደረጋችሁት የሚያስረዳን ሰው ላኩልን ይላል። ትርሲት ለእናቷ ሳትነግር ጥቂት ቀን ይዛው ዋለች፤ ወለተ ኢየሱስ ከሌላ ሰማች። ሰምታም ገብስ ቆላች፣ ፈጨች፣ በሶውን በከረጢት ሞልታ አሰረች። ትርሲት ከደጅ ስትገባ ከረጢቱን ከሻንጣዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

በማለዳ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ውርጩ ከእግራቸው ሥር ይሰበራል። ትርሲት፣ ትፈሪያለሽ ወይ አለቻት።

«ፍርሃቴ እስኪለቀኝ አትጠብቂ» አለች ወለተ ኢየሱስ። «እሱ እኔን አይተወኝም። አንቺ ሂጂ።»

ልጅቷ ሦስት ጊዜ ሳመቻትና ሄደች። ጉሙ መጀመሪያ ሻንጣውን፣ ቀጥሎ ትከሻዋን፣ ኋላ ነጭ ነጠላዋን ወሰደ። ወለተ ኢየሱስ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሌላ አገርም አልሄደችም። የጫማዋን ኮቴ እስከሚጠፋ ድረስ ሰማችው። ከጠፋም በኋላ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ፀሐይ ከፍ ማለቷን አይታ ፈጠን ፈጠን እያለች ተመለሰች። ያን ቀን ስብሰባ ነበር፤ ቀድማ ካልደረሰች ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ከኋላ ሆና ደግሞ አይሰማትም።